ጥላ የተከተለ ሚዛን

ለዚህ ጽሑፍ ያሉኝ ምንጮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የመስክ ማስታወሻ ደብተሬ፣ ሌላው ትዝታዬ። ደብተሩ ቁጥሮቹን በሚገባ ይዟል። ንግግሮቹን ግን ከትዝታ ስለምጽፍ ቃል በቃል ናቸው ብዬ አልምልም።

የሚዛን መርማሪ ሆኜ አዳማ ሥራ በጀመርሁበት ዕለት የክፍል ኃላፊው አቶ ገዛኸኝ ሁለት ቃላት አስተማሩኝ። ሁልጊዜ በአንድ ልክ የሚያጎድል ወይም የሚያበዛ ሚዛን «የተዛባ» ይባላል። ያንኑ ክብደት ደጋግመው ሲጭኑበት የተለያየ ንባብ የሚሰጠው ደግሞ «ወላዋይ» ነው።

«ከሁለቱ የትኛው ይከፋል?» አሉኝ።

«ሁለቱም፣ ጌታዬ።»

«ተሳስተሃል። የተዛባው ዋሾ ነው፤ ውሸቱን ግን ስለማይለዋውጥ ታርመዋለህ። ወላዋዩን ምኑን ይዘህ ታርመዋለህ?»

ስለዚህ የተዛባው ይታረማል፣ ወላዋዩ ከገበያ ይወጣል። በዚህ ደንብ ለዓመታት ያለ ጥርጥር ሠራሁ።

አርሲ ነገሌ የእህል ገበያ ውስጥ አዴ ፋጡማ የሚባሉ የስንዴ ነጋዴ ነበሩ። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አምስት ባለ ሃያ ኪሎ የመፈተሻ ብረቶች ሚዛናቸው ላይ ጫንሁ፤ ልክ መቶ አነበበ። ከሰዓት በኋላ በእነዚያው ብረቶች ዘጠና ስምንት ሆነ። «ወላዋይ» ብዬ መዘገብሁና ሚዛኑን አሸግሁት።

በሚቀጥለው ገበያ ስመለስ ቃሉ ከሚዛኑ ወርዶ ሴትዮዋ ላይ ወጥቷል። ጎረቤታቸው የሆነ ነጋዴ ገበሬዎቹን፣ «ለእሷ አትሽጡ፣ ወላዋይ ናት፤ መንግሥት ጽፎባታል!» ይላቸዋል። እነሱም ጆንያቸውን እንደጫኑ ያልፏቸዋል።

«ኦቦ፣ ሚዛኑን ውሰደው፣ ይቅር» አሉኝ አዴ ፋጡማ። «ስሜን ግን የት ወሰድከው?»

«ያን ቀን ከጠዋት እስከ ከሰዓት ሚዛኑን ማን ነካው?»

«ማን ይነካዋል? ፀሐይ ሲበረታ ወደ ጥላ ሄደ፣ በቃ። ሰውም ሚዛንም በፀሐይ አይውልም!»

በዚያ ገበያ ነጋዴው ሁሉ ጥላ እየተከተለ ነው የሚመዝነው። ጠዋት ሚዛኑ ሲሚንቶ ላይ ይቆማል፤ ከሰዓት በኋላ እብቅ የተነጠፈበት ለስላሳ አፈር ላይ፣ ዛፍ ሥር። እሽጉን ፈትቼ እንደገና ሞከርሁ። ሲሚንቶው ላይ መቶ አለ። ዛፉ ሥር አንዱ እግሩ ሰጠመና ዘጠና ስምንት አለ። ከእግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ስናደርግለት መቶ ሆነ።

እርማቱን እዚያው ጽፌ በገበያው መሐል አነበብሁት።

«እንግዲህ ወላዋዩ መሬቱ ነው በሉና!» አለ ያ ጎረቤት። ሰው ሳቀ።

አዴ ፋጡማ አልሳቁም። «ጮክ በል፤ ያኛው ዳር አልሰማም» አሉኝ። ደግሜ አነበብሁ።

ከዚያ ወዲህ ከንባቡ ጎን ሚዛኑ የቆመበትን ቦታ ሳልጽፍ አልፌ አላውቅም። ለወጣት መርማሪዎች የምለውም ይህንኑ ነው፦ ቦታውን ጻፉ።

አንድ ነገር ግን አላረጋገጥሁም። ያን የመጀመሪያ ቀን፣ ፀሐዩ ስለከበደኝ «ወደ ጥላ ውሰዱልኝ» ያልሁት ራሴ እንደሆንሁ አንዳንዴ ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሚዛኑ ቀድሞ ዛፉ ሥር ቆሞ ይታየኛል። ደብተሩ ስለዚህ ምንም አይልም።