አሰልጣኙ የገመተው ፍርሃት

ሰውዬው መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በፈተና ቀን ጠዋት አንድ ልማድ ነበረው። ተማሪው የፍርሃቱን መጠን ከአንድ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ እሱ ደግሞ ግምቱን አስቀድሞ ጽፎ ኪሱ ይከታል። ከዚያ ያስተያያሉ። መዳፉን ሱሪው ላይ የሚጠርገውን፣ ወንበሩን ደጋግሞ የሚያስጠጋውን፣ ሳይጠየቅ የሚቀልደውን ለይቶ ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ ግምቱ ልክ ይሆናል። በዚህም ጉራውን ይነዛል።

ታላቅ እህቱ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ ላውጣ ስትል ያስተማራት እሱው ነው። አዋላጅ ነርስ ናት። ሰው ሲጮህ፣ ደም ሲፈስ እጇ ንቅንቅ አይልም። ልምምድ ላይም ማርሹን ሳታንገጫግጭ ነበር የምትቀይረው። በፈተናዋ ጠዋት ያለምንም ማመንታት «ሁለት» ብሎ ጻፈ።

የፈተና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወረቀቷን ሰጠችው። «አሥር» ይላል።

«እትዬ፣ አትቀልጂ እንጂ!»

«ምን እቀልዳለሁ? ከትናንት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።»

«ታዲያ ምንም አይታይብሽም እኮ!»

«ሠላሳ ዓመት እንዳይታይብኝ ስሠራ ኖሬ! ምጥ የያዛት ሴት የምታየው የእኔን ፊት ነው። እኔ ከደነገጥኩ እሷ አለቀላት።»

አጠገቧ ተቀመጠና «የቱ ነው የሚያስፈራሽ?» አላት።

«ዳገት ላይ ቆሞ መነሳቱ። ወደ ኋላ ብንሸራተትስ?»

የእጅ ፍሬኑን መቼ እንደምትለቅ፣ የሞተሩ ድምፅ እንዴት ሲሆን እግሯን እንደምታነሳ ቀስ ብሎ ነገራት። ዓይኗን ጨፍና እግሯን መሬት ላይ እያንቀሳቀሰች ተለማመደች። ስሟ ሲጠራ ቀሚሷን አስተካክላ ሄደች።

ዳገቱን እንደ ምንም ወጣችው፤ መኪናውን ስታቆም ግን ምሰሶ ገጭታ ፈተናውን ወደቀች። በወሩ ደግማ ተፈተነችና አለፈች።

አሰልጣኙ ከዚያ ወዲህ መገመቱን ትቶታል። አሁን ተማሪውን ፊት ለፊት ይጠይቃል፤ የተረጋጋ የሚመስለውን ደግሞ ሁለት ጊዜ።

እህቱ መኪና ተውሳ መጀመሪያ ያሳፈረችው እሱን ነው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ በማሰልጠኛ መኪና እንጂ በዚህኛው በእሱ በኩል የሌለውን ፍሬን ሲረግጥ አየችውና እስኪበቃት ሳቀችበት።