ሁለት መቶ ሜትር ወደ ደቡብ የሄደ ደን

ፍኖተ ሰላም ባለው የመሬት ቢሮ የእኔ ሥራ ካርታን ከካርታ ጋር ማስታረቅ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ አብራርቼ ልናገር ስጀምር ሰው ወይ ስልኩን ያወጣል፣ ወይ ስለ ዝናቡ ያነሳል። እኔም ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ ሁለተኛ አላስረዳም። ዛሬ ግን ያለ እሱ ታሪኩ ስለማይገባ አጠር አድርጌ እናገራለሁ።

ካርታ ላይ ያለ ቦታ ሁሉ በቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ደግሞ የሚቆጠርበት መነሻ አለው። አገራችን ለረጅም ጊዜ የለካችው አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው፤ የድሮዎቹ የወረቀት ካርታዎች የተሠሩት በእሱ ነው። ጂፒኤሱና የሳተላይቱ ምስል የሚቆጥሩት ግን ዓለም በጋራ ከሚጠቀምበት ሌላ መነሻ ነው። አንዱን ዋርካ በሁለቱም ብትለኩት ዋርካው ሳይነቃነቅ ቁጥሩ ይለያያል፤ በእኛ አካባቢ ልዩነቱ ከሁለት መቶ ሜትር ይበልጣል። ይህን ማንኛውም የቅየሳ ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ።

እንግዲህ በየወረዳው ተበታትኖ የኖረው የመሬት መረጃ ወደ አንድ የጋራ ቋት ይግባ ተባለ። የጋራ መስፈርትም ወጣለት፤ ማንኛውም መረጃ በየትኛው መነሻ እንደተለካ የሚናገር ኮድ ይኑረው፣ ኮዱም በመዝገብ የታወቀ ይሁን የሚል። ይህን የሚመረምር ሶፍትዌር ተሰጠን። የጎደለ ነገር ካለ ቀይ ያበራል፣ ከተሟላ አረንጓዴ። ለሳምንታት ቀይ ስናይ ከረምን፤ ቤቴ ገብቼ ቲማቲም ስከትፍ እንኳ ቀለሙ ያናድደኝ ጀምሮ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ፋይል ቀረን፤ በቡሬ ገጠር ያለ የአንድ ደብር ደን ወሰን። ኮድ የለውም። ማን እንደሠራው፣ ከምን ላይ እንደቀዳው የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ አልተገኘም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አለቃዬ በየሩብ ሰዓቱ በበሩ ብቅ እያለ “አላለቀም?” ይለኛል። ሌሎቹ ፋይሎች ሁሉ በአዲሱ መነሻ ስለነበሩ ይሄም ያው ነው ብዬ የአዲሱን ኮድ ሞላሁበት። አረንጓዴ በራ። ጎበዝ አልኩ ለራሴ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ሶፍትዌሩ የጠየቀው ኮድ መኖሩንና በመዝገብ መታወቁን ብቻ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ እሱን ማጣራት የእኔ ሥራ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ራሱ እየተንከባለለ ሄደ። ደኖቹ ከገበሬው ማሳ ጋር ተነጻጸሩ፣ ደን ውስጥ የገቡ ማሳዎች ተለቅመው ዝርዝር ወጣ፣ ዝርዝሩ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ቀበሌ ወረደ። ከዚያ ደብር አካባቢ በዝርዝሩ ላይ የሰፈረው የአንድ ሰው ማሳ ብቻ ነበር። ቀበሌው በማስታወቂያ ሰሌዳው ለጠፈው፤ እስኪጣራ ድረስ የይዞታ ካርታ አይሰጥም፣ እርሻም ይቁም የሚል። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግንቦት ገብቶ፣ ዝናብ ጥሎ፣ የማሳዋ ባለቤት ቢሮዬ በር ላይ ስትቆም ነው።

ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። የይዞታ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ በነጠላዋ ሥር ይዛለች። ቁጭ በይ ብላት አልቀመጥ አለች።

“የካርታዋ እርስዎ ነዎት?” አለችኝ።

ነኝ አልኳት። ስሟን ተቀብዬ ፋይሉን ከፈትኩና ማሳዋ በደኑ ውስጥ ተኝቶ አሳየኋት። በአረንጓዴው ደን የደቡብ ጫፍ ላይ ትንሽ ቢጫ አራት ማዕዘን።

“እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው” አልኩ።

“ለኮምፒውተሩስ ማን ነገረው?”

ንግግሯ ቁጣ አልነበረበትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። መልስ የሌለው ጥያቄ ስጠየቅ እቆጣለሁ፤ መጥፎ አመሌ ነው። ሁሉም በመስፈርቱ ተመርምሮ ማለፉን፣ አረንጓዴ መብራቱን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ እሷ ተናገረች።

ባሏ ከሞተ ጀምሮ ማሳዋን የሚያርስላት አንድ የእኩል አራሽ ነበር። ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ በታቦት መሬት ላይ ሞፈር አላገባም ብሎ በሬዎቹን ወደ ሌላ ማሳ ወሰደ። የጎረቤቶቿ በቆሎ በቅሏል፤ የእሷ ማሳ ገና አልተነካም። በሰንበቴም ወሬው ተነሳ፤ ለካ እስከ ዛሬ የታቦቱን መሬት እየገፋች ስትበላ ኖራለች ተባለ። ፊት ለፊት የተናገራት የለም። ሲያዩዋት ዝም ማለታቸው ግን በቅቷት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መግባት ትታ ከውጭ፣ ከካቡ ሥር ቆማ ማስቀደስ ጀምራለች።

“መሬቱን የሚወስድ ቢመጣ በሕግ አምላክ ብዬ እሟገታለሁ” አለችኝ። “እንዲያው የታቦቱን መሬት በልቼ፣ ኸዚያ ባወጣሁት እህል ልጆቼን አሳድጌ እንደሆን፣ እሷን ብቻ ንገሩኝ። ሌላ አልጠይቅዎትም።”

አንጀቴን በላችው። ቁጣዬ ወዴት እንደገባ አላውቅም። ነገ እመጣለሁ አልኳት፤ ለምን እንደምሄድና ምን እንደምፈልግ ግን በቅጡ አላወቅሁም።

በማግስቱ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ቡሬ፣ ከቡሬ በባጃጅ እስከሚያስኬደው ድረስ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አወለቀብኝ። ማሳዋን ለማግኘት ካርታ አላስፈለገኝም፤ ግራና ቀኙ ለምልሞ አንድ ቦታ ብቻ ያለፈው ዓመት አገዳ እንደቆመ ነበር። ከማሳው ወደ ሰሜን የግጦሽ መስክ አለ፣ ከመስኩ ማዶ የደብሩ ደን። ይህን ሳይ ልቤ ትንሽ ተጠራጠረ።

የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ በካቡ በር ጠበቁኝ። ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ወደ ውስጥ አስገብተውኝ ትልቅ ዝግባ ሥር ቆምን። ሴትዮዋ ከማሳዋ ጀምሮ አብራኝ መጥታ ነበር፤ ካቡ ጋ ስንደርስ ግን ቀረች።

“በዚያ መስታወት ውስጥ ደናችን የቱ ነው?” አሉኝ በእጄ የያዝኩትን ታብሌት እያዩ።

“ይሄ አረንጓዴው ነው፣ አባ።”

“እኛስ የት ነን?”

ሰማያዊዋን ነጥብ አሳየኋቸው። ነጥቧ ከአረንጓዴው ውጭ፣ ወደ ላይ ርቃ ብቻዋን ቆማለች። ቄሰ ገበዙ ታብሌቱን አዩ፤ ቀና ብለው ዝግባውን አዩ። ከቅጠሉ የዝናብ ጠብታ ታብሌቱ ላይ ወረደ።

“እንግዲያ ኸደኑ ውጭ ነን ያለነው?”

“እንደዚህ ከሆነ… አዎ።”

“ቤተ መቅደሱስ?”

ቦታውን በጣቴ ነካሁት። ካርታው ቤተ መቅደሱ በቆመበት ቦታ የሚያሳየው ባዶ መስክ ነው።

“እኔ ስንት ዘመን የቀደስሁት ኸከብት ማሰማሪያ ላይ ነው በይኛ!” አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ትከሻቸውን እስኪያንቀጠቅጠው ድረስ ሳቁ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ደኑ ከትክክለኛው ቦታው ምን ያህል እንደራቀ ለካሁ፤ ወደ ደቡብ ሁለት መቶ ሜትር ከምናምን፣ ወደ ምዕራብ ወደ መቶ የሚጠጋ። ክው አልኩ። የመጣው ቁጥር ፈተና ላይ በትክክል የመለስኩት ያው ቁጥር ነበር። ደኑ የተቀዳው ከድሮ የወረቀት ካርታ ነው፤ መነሻው አዲንዳን ነው፤ አዲስ ነው ብዬ የጻፍኩበት እኔ ነኝ። ደኑን አንስቼ የእሷ ማሳ ላይ ያስተኛሁት እኔ ራሴ ነኝ።

እዚያው ዝግባው ሥር ቆሜ ኮዱን ቀየርኩ። አረንጓዴው ከማሳዋ ላይ ተነስቶ፣ መስኩን ተሻግሮ መጣና ልክ እግራችን ሥር ተኛ። ጠርዙ ከካቡ ጋር ገጠመ። ቢጫዋ አራት ማዕዘን ብቻዋን፣ ከሁሉም ነጻ ሆና ቀረች። እፎይ አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ እፍረቱ ከእፎይታው እኩል መጣና ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዝናቡ ጋር ስለተቀላቀለ ማንም አላየኝም።

ሮጬ ወደ ካቡ ሄድኩና ነገርኳት። ማሳሽ ከደኑ ጋር አይነካካም፣ ስህተቱ የእኔ ነው አልኳት። አስተዋለችኝ።

“እግዜር ይስጥልኝ” አለች። ግን አልተንቀሳቀሰችም። “እርስዎ እንዲህ አሉኝ። እነሱ አልሰሙም።”

ለቀበሌው በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብዬ ለማጽናናት ሞከርኩ። ቄሰ ገበዙ ከኋላዬ ደረሱ።

“ደብዳቤሽን ጻፊ፣ ልጄ፤ ለቀበሌው ይሆናል” አሉኝ። “የእሷ ነገር የተወራው ግን በሰንበቴ ነው። እሑድ መጥተሽ በሰንበቴው ፊት ተናገሪ። አራሹም እዚያው ይሰማል።”

ቢሮ ስመለስ ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብለሽ ኮዱን አስተካክይው፣ ማን ያውቃል አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለእኔ አስቦ ነው። እኔ ግን ማስታወሻውን ስሜን አስፍሬ ጻፍኩ፣ ማሳዋም ከዝርዝሩ እንዲሰረዝ ላክሁ። ከዚያ በእኔ እጅ ኮድ የተሞላበትን ፋይል ሁሉ እንደገና አወጣሁ። እያንዳንዱን በሳተላይቱ ምስል ላይ እያነጠፍኩ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ድልድይ፣ የመንገድ መታጠፊያ ያለቦታው እንዳይሆን አንድ በአንድ አየሁ። ሌላ የተሳሳተ አላገኘሁም። ተመስገን ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፋሁ፤ ባልደረቦቼ ያመመኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ ደረስኩ። ሰንበቴው በቅጥሩ ውስጥ፣ በአንድ በኩል ወንዶች በአንድ በኩል ሴቶች ሆነው ተቀምጠዋል። ዳቦው ተባርኮ ተቆርሷል፤ ጠላው እየተቀዳ ነው። ቄሰ ገበዙ “ኸመሬት ቢሮ የመጣች እንግዳ የምትናገረው አላት” ብለው ተቀመጡ። ብቻዬን ቆምኩ።

በስብሰባ ላይ ብዙ ተናግሬያለሁ፤ ይህ ግን ስብሰባ አልነበረም። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። ስለ መነሻና ስለ ኮድ ብጀምር ስልካቸውን እንደማያወጡ፣ በትዕግሥት እንደሚሰሙኝና እንደማይገባቸው አወቅሁ። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ተናገርኩ። ደኑ በድሮ ልክ የተጻፈ መሆኑን፣ እኔ ሳላጣራ በአዲሱ ልክ ነው ብዬ መጻፌን፣ በእኔ ምክንያት ደኑ በወረቀት ላይ ከቦታው ተነስቶ የሰው ማሳ ላይ መተኛቱን። በቄሰ ገበዙ ፊት በእግሬ ሄጄ መለካቴን። የሴትዮዋ ማሳ ከታቦቱ መሬት አንድ ስንዝር እንዳልወሰደ። ከካቡ ውጭ እንድትሰማኝ ብዬ ጮክ ብዬ ነበር የምናገረው።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ሳታጣሪ ስለምን ጻፍሽው?”

“ቸኩዬ ነው፣ አባቴ።”

“ነው እንጂ” አሉና ጠላቸውን አነሱ። አንዳንዱ ሳቅ አለ።

ቄሰ ገበዙ ተነስተው ወደ ካቡ በር ሄዱ። ስሟን አልጠሩም፤ “ነይ፣ ግቢ” ብቻ አሉ። ጃንጥላዋን አጥፋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሩን ተሳልማ ገባች። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። እሷ ግን ሳትቀመጥ መሃል ላይ ቆመች። የእኩል አራሹ ከወንዶቹ በኩል ተነሳ፤ ግዙፍ ሰው ነው፣ መሬት መሬት ያያል። ጠላ የተቀዳበትን ዋንጫ በሁለት እጁ ይዞላት መጣ።

“ነገ ጎህ ሲቀድ እጠምዳለሁ” አላት። “ዘሩ አለሽ?”

“አለኝ።”

ዋንጫውን ተቀበለችው፤ ግን አልጠጣችም። ዞር ብላ ቄሰ ገበዙን አየች።

“እንግዲያ የታቦቱን መሬት አልበላሁም?”

“አልበላሽም፣ ልጄ” አሏት።

ያን ጊዜ ተቀመጠች።