ያገለገለ ፕሌይስቴሽን በበሬ ሕግ

በዚህ ዕድሜዬ ፕሌይስቴሽን አማረኝ። ያውም አዲሱ አይደለም። አዲሱ ቢሆን ኖሮ ሰው "ዘመናዊ ሆነ" ብሎ ይተወኝ ነበር። እኔን ያማረኝ ፕሌይስቴሽን ሁለት የሚባለው፣ ከተመረተ ዘመን ያለፈው፣ ማንም ከእንግዲህ የማይሠራው ጥቁር ሣጥን ነው።

ሲሪንቃ አጠገብ የማሽላ ሙከራ ማሳ ላይ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ረፋዱን ሙሉ ዘለላ ስቆጥር ቆይቼ ለምሳ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ አልኩና ስልኬን ከፈትኩ። የወልድያ ሰው ዕቃ የሚሸጥበት የቴሌግራም ገጽ ላይ ፎቶው ብቅ አለ። "ያገለገለ፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ፣ ከሁለት ጆይስቲክ ጋር" ይላል። የቆጠርኩት ዘለላ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ፤ ከሰዓት እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ነገሩ የቆየ ቂም አለበት። ልጅ ሆኜ ወልድያ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ስማር፣ ከትምህርት ቤቱ በር ይልቅ የጌም ቤቱን መጋረጃ አብዝቼ እገልጥ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ለዜሮ እየመራሁ ሳለ ጆሮዬ ወደ ላይ ሄደ። ቀሪው አካሌም ተከተለው። አባቴ ከሀብሩ ገጠር እህል ጭነው መጥተው፣ ትምህርት ቤት ጠይቀው አጥተውኝ፣ እግራቸው ጌም ቤት አድርሷቸው ነው። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት በጆሮዬ ተጎትቼ ወጣሁ። ያ ጨዋታ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ በእኔ ቤት ገና ሁለት ለዜሮ እየመራሁ ነው።

አሁን መርሳ ከተማ ከባለቤቴ፣ ከአምስት ዓመት ልጃችንና ከእኚሁ አባቴ ጋር ነው የምኖረው። አባቴ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ሁለቱን በሬዎቻቸውን ሸጡ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጡና ወደ እኛ መጡ። ከመጡ ጀምሮ በር ላይ ዱካ አስወጥተው ይቀመጣሉ። ሲቀመጡ "ቢስሚላህ"፣ ሲነሡ "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ፤ ከዚያ ሌላ ከአፋቸው የሚወጣ ነገር የለም። ፈጣሪን ብቻ ነበር የሚያነጋግሩት። ድሮ እኮ አንድ ገበያ ሙሉ ሰው በነገር የሚያሸንፉ ሰው ነበሩ። በአካባቢያቸው በሬ የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸውን ነበር ይዞ የሚሄደው።

"አባትህ በቁማቸው እያለቁ ነው፤ አንድ ነገር አድርግ" ትለኛለች ባለቤቴ።

"ምን ላድርግ? መርሳ ከተማ መሀል በሬ ልሰር?"

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። ከሥራ ስመለስ ከሩቅ ዱካው ላይ ሳያቸው፣ ራሳቸውን ቀና እስኪያደርጉ ድረስ እግሬ ይከብደኝ ነበር። ያኔም ቀና ብለው አይተውኝ መልሰው ያቀረቅራሉ እንጂ ምንም አይሉም።

የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ያየሁትን ነገር አመሻሽ ላይ ለባለቤቴ አነሣሁላት። ለልጃችን ነው አልኳት።

"ልጃችን ጫማዋን ማሰር አትችልም።"

"እጇን ያፍታታላታል።"

"ያንተን እጅ ምን አሰረው?" አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

በዚህ መሀል ከጥግ፣ ከአባቴ በኩል ድምፅ መጣ። "ሻጩ ማነው?"

ሁለታችንም ዞር አልን። አባቴ ቀና ብለዋል።

"አንድ ልጅ ነው፣ ወልድያ። ግን አባ፣ ከብት አይደለም፤ ያ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው…"

"ከብት እንዳልሆነማ አውቃለሁ። ጆሮህን ይዤ ያወጣሁህ ከዚያ ቤት አይደለም እንዴ? ሻጭ ግን ሻጭ ነው። ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሃያ ይጠጋል መሰለኝ። ፋብሪካው መሥራቱን አቁሟል።"

"እናቱ ከመውለድ ቆማለች በለኛ። ብቻህን እንዳትሄድ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።" ይህን ብለው ለነገ የሚለብሱትን ነጭ ኩታ እንድታወጣላቸው ባለቤቴን ጠየቋት።

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን ወልድያ ገባን። ሻጩ ሞባይል የሚጠግን ጎረምሳ ነው። አስቀድሞ ሰክቶ፣ አብርቶ፣ ኳሱ ቴሌቪዥኑ ላይ እየተንከባለለ ጠበቀን። እኔ ዓይኔ ሌላ ቦታ አልሄድ አለ። አባቴ ግን ሰላምታ ሰጥተው፣ የልጁን ቤተሰብ ደህንነት ጠይቀው፣ ጥግ ላይ የቆመ አሮጌ ቬንትሌተር ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። የፈለጉትን በሬ ትቶ ያልፈለጉትን መጠየቅ የበሬ ገበያ የመጀመሪያው ሕግ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ክርክሩ ከመጦፉ የተነሣ ቬንትሌተሩን ይዘን ልንወጣ ትንሽ ነበር የቀረን። ከዚያ ሲያልፉ እግረ መንገዳቸውን ያደረጉ መስለው መዳፋቸውን ፕሌይስቴሽኑ ላይ አሳረፉ።

"ሞቋል" አሉ።

"አዎ አባባ፣ እየሠራ ነው። ይኸው እያዩት!" አለ ልጁ።

"ከገበያ በፊት ያሯሯጡት አንካሳ ገበያ ላይ አያነክስም። ከብት ከተኛበት ሲነሣ ነው የሚታየው። አጥፋልኝና ይቀዝቅዝ።"

ልጁ እኔን አየኝ፤ እኔ ቬንትሌተሩን አየሁ። ልጁ ሣጥኑን አጠፋው። ከፊት ለፊት ሻይ ቤት ገብተን እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥን። እዚያ ነው አባቴ ወሬ የጀመሩት። ገበያ ላይ እንደ ንጉሥ ሲራመድ ታይቶ ተገዝቶ፣ ጠዋት ቤት ውስጥ መነሣት ስላቃተው ዳልቻ በሬ ነገሩኝ። በዚያ ዓመት በአንድ በሬና በጎረቤት ምሕረት ነበር ያረሱት አሉ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ልጃቸው ሆኜ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ ሻያችንን ጨርሰን ተመለስን። ልጁ አበራው። ሲዲው ተሽከረከረ፣ አቃሰተ፣ ቆመ። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

"መብራቱ ስለሚዋዥቅ ነው" አለ ልጁ።

"ይሆናል ልጄ። አላህ ይባርክልህ፤ ለሌላ ሰው ይሁንልህ" አሉና ወጣን።

መንገድ ላይ አባቴ ሳቁ። ድምፅ አውጥተው፣ በትራቸውን ተደግፈው ሳቁ። ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ታሪኩን ለአጠገባቸው ተሳፋሪ ነገሩት፤ የኋላው አልሰማሁም ስላለ ደገሙት። ወርጄ ቤት እስክደርስ እኔ ፕሌይስቴሽን ያጣሁ ሰው መሆኔን ረስቼው ነበር። የዚያን ቀን ምግብ አስጨመሩ። ባለቤቴ ድስቱን ይዛ በእሳቸው ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

በማግስቱ ጫማዬን ሳጠልቅ "ሌላስ የለም?" አሉኝ።

እንዲህ ነው ወራት ያለፉት። መርሳ ውስጥ አንዱ "ተከፍቶ የማያውቅ ነው" ያለንን አባቴ ገልብጠው፣ የብሎኑ ራስ መጫሩን በጥፍራቸው ዳብሰው "ይሄማ ሆዱ ተቀዶ የተሰፋ ነው" ብለው መለሱት። ሲሪንቃ መንገድ ዳር ደግሞ አንዱ ሳዑዲ የሄደ ወንድሙን ፕሌይስቴሽን ሊሸጥልን ሲል፣ እናትየው ከጓዳ ብቅ ብላ ሣጥኑን በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው። አባቴ ያኔውኑ ተነሡ። "ሲመጣ ይጫወትበታል፤ አላህ በሰላም ያምጣልሽ" አሏት። ጥሩ ዕቃ ነበር። እኔ ትንሽ አኮረፍኩ፣ ግን ልክ ነበሩ።

ወሬው ተዛመተ። የሠፈሩ ጎረምሶች ያገለገለ ስልክ ሊገዙ ሲሉ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ዱካው ዘንድ ይዘው ይመጡ ጀመር። አባቴ መዳፋቸውን ስልኩ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ምን እንደሚሰማቸው አላውቅም፤ ስለ ስልክ የሚያውቁት አንስቶ ሃሎ ማለትን ብቻ ነው። ግን "ሻጩ ለምን ይሸጠዋል?" ብለው መጠየቃቸው ብቻ ብዙ ጎረምሳ አድኗል።

በመጨረሻ ወልድያ አንድ ተገኘ። አድራሻውን ይዘን ስንሄድ እግሬ መንገዱን ያውቀዋል። ያው ጌም ቤት ነው። መጋረጃው የለም፤ ባለቤቱ ፀጉሩ ሸብቷል። አባቴን ትክ ብሎ አያቸው።

"አባባ፣ አንድ ጊዜ እዚህ መጥተው ልጅ በጆሮው…"

"እኔ ነኝ። ልጁም ይኸውልህ።"

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። "ጆሮው ደህና ነው?"

አባቴ መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ። ብሎኖቹን ዳበሱ። ያልተነኩ። ለምን እንደሚሸጥ ጠየቁት፤ ልጆች ሁሉ ስልክ ላይ ናቸው፣ ቤቱን ልብስ መሸጫ ላደርገው ነው አለ። ከዚያ ሳይጠየቅ፣ "ግን ለሚጫወትበት ሰው ነው የምሸጠው። አፍርሶ ሲዲ ማንበቢያ ሌንሱን ለሚቸበችብ አልሰጥም፤ ብዙ ዘመን አብልቶኛል" አለ።

አባቴ በሬዎቹን ሲሸጡ አብሬያቸው ነበርኩ። ሥጋ ነጋዴው የተሻለ ዋጋ ሲጠራ "ለሚያርስ እንጂ ለሚያርድ አልሸጥም" ብለው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። አሁን የጌም ቤቱን ሰው ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና "በል፣ ይታረስበት። አንድ ትልም ሳያርስ በሬ አይገዛም" አሉ።

ሣጥኑ በመጀመሪያው በራ፤ ሲዲውን ወዲያው አነበበ። አንዱን ጆይስቲክ እኔ ያዝኩ። ሁለተኛውን ሰውየው ሊያነሣ ሲል አባቴ ቀደሙት፤ "በሬ ብቻውን አይጠመድም" ብለው ከጎኔ ተቀመጡ። ጆይስቲኩን እንደ ዕርፍ በአንድ እጃቸው ጨበጡት። ሌላውን እጃቸውን ለጅራፍ ባዶ አድርገው ያዙ። ተጫዋቻቸው ከሜዳው ዳር ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስከ ማዶው ዳር ሄደ፣ ዞረ፣ አጠገቡን ይዞ ተመለሰ። ኳሱ የት እንዳለ ደንታም አልሰጣቸው። እኔ ጎል ሳገባ እሳቸው ሦስተኛ ትልማቸው ላይ ነበሩ።

"መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ አንድ ድንጋይ የለው" አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

ሁለት ለዜሮ እየመራሁ ሳለ ጆይስቲኩን አስቀመጡት። "በል፣ ገዢው አንተ ነህ። ምን ትላለህ?"

እንከን አልነበረውም። ዋጋውም የሚያከራክር አልነበረም። ስንት ወር የተመኘሁት፣ ልጅ ሆኜ ያመለጠኝ ነገር ፊቴ ተቀምጧል። "እንግዛው" ልል አፌን ስከፍት ያ ዱካ ታየኝ። ይህን ሣጥን ይዘን ከገባን ነገ ማን "ሌላስ የለም?" ይለኛል? ኩታው ተጣጥፎ ሣጥን ይገባል። አባቴ ተመልሰው በር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ደግሞ ውስጥ ተቀምጬ ብቻዬን ጎል አገባለሁ።

"የቀኙ ጆይስቲክ ትንሽ ያነክሳል" አልኩ።

ባለቤቱ ቱግ አለ። "የቱ ቁልፍ ነው የሚያነክሰው?"

አባቴ ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰዱ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ የበሬ ጥርስ እንደሚቆጥር ሰው፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጓቸው። ሁሉም እየተጫነ ተመለሰ። አንድም የሚያነክስ አልነበረም። ቀና ብለው አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ እኔ ዓይኔን ሰበርኩ።

"አዎ" አሉ በመጨረሻ። "ያነክሳል።" ለሰውየው ደግሞ "አንተ ደግ ሻጭ ነህ፤ የሚያርስበት ሰው አላህ ይስጥህ" ብለው መርቀውት ወጡ።

ሚኒባሱ ሲሪንቃን አለፈ። አባቴ በመስኮት ማሽላውን እያዩ፣ "ውርጌሳ አንድ አለ አሉ" አሉኝ።

"ማን ነገረዎት?"

"ሰማሁ።"

አባቴ ቴሌግራም የላቸውም። ስልካቸው ከመደወል ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ጠዋት ከቤት ስንወጣ ደግሞ ዱካው ላይ ረስተውት ነው የመጡት።

"እንሄዳለና፣ አባ" አልኳቸው።