የሲስተር ሸዋርካብሽ ቆሎ

ሲስተር ሸዋርካብሽ በምሳ ሰዓት ክር ልትገዛ በአንዋር መስጊድ በኩል ስታልፍ ደስ የሚል ነገር አየች። ሦስት ኩሊዎች ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መሐል ያለው አንድ እግሩ በፋሻ የተጠቀለለ ነው። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ፈትቶ ለግራ ቀኙ አንዳንድ አደለ። በስተቀኝ ያለው እጁን ሰብስቦ "ኧረ በቃኝ፣ ጠዋትም ሰጥተኸኛል" ቢል፣ ባለፋሻው "በሞቴ" ብሎ በገዛ እጁ አጎረሰው።

"እግዜር ይባርካችሁ" አለች ሲስተር በልቧ። "የድሃ ፍቅር እንዲህ ነው።"

ጠጋ ስትል ግን የተጎረሰው እንደመሰላት ከረሜላ አልነበረም። ቀይና ጥቁር እንክብል ነው። አጉራሹም ቶላ ነው። እንክብሉን ያዘዘችለት ደግሞ ራሷ ናት። ምርቃቷን መልሳ ዋጠችው።

ሲስተር ሸዋርካብሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለች አንዲት የቀበሌ ክሊኒክ ነበር የምትሠራው። ቁስል በማጠብ ጀምራ፣ እየሠራች ተምራ ነርስ የሆነች ሴት ናት። ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ይላል፤ በቀረው ቀን መርምራ መድኃኒት የምታዝዘው እሷ ናት። ከአቅሟ በላይ የሆነውን ለሐኪሙ ታቆያለች፣ ወይም ሆስፒታል ትልካለች። ሰፈሩ "መርማሪዋ" ይላታል። መርማሪ ሲባል የእስር ቤቱ በሚታሰብበት በዚያ ዘመን ይህ ለቀልድ የሚሆን ስም አልነበረም፤ ለእሷ ግን በፍቅር ወጣላት። መድኃኒት ከመጻፏ በፊት ትጠይቃለች፦ ከዚህ በፊት ያሳከከህ መድኃኒት አለ ወይ? ጎረቤት የሰጠሽን ክኒን ውጠሻል ወይ? ጽፋ ስትጨርስ ደግሞ በሽተኛው አወሳሰዱን በቃሉ እስኪመልስላት ድረስ ከበር አታሳልፈውም። ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ቦሰና "መርፌ ፍለጋ ብሄድ በጥያቄ ወግታ መለሰችኝ" እያለች ስንቱን አስቃለች።

ቶላንም ጠይቃዋለች። ቆርቆሮ ተሸክሞ ሲሄድ ቅልጥሙን ቀዶት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ነበር የመጣው። "ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ" ብሎ አወሳሰዱን ሳይሳሳት መልሶላታል። ቁስሉ ግን አልሽር አለ። የዚያን ዕለት ጠዋት ስታየው እብጠቱ ወደ ጉልበቱ ይወጣ ጀምሯል። መድኃኒቱ አልሠራም ብላ፣ ከዚያ የጠነከረ እንዲታዘዝለት ለሐኪሙ ልትነግር አስባ ነበር። ወደ አጥንቱ ከዘለቀ እግሩ መቆረጡ ነው። እግር የሌለው ኩሊ ደግሞ መርካቶ ውስጥ ምን ይሠራል?

ለካስ መድኃኒቱ አልሠራም ሳይሆን አልደረሰም። እሷም ያን ሁሉ ስትጠይቅ "ከማን ጋር ነው የምትበላው?" ማለትን ረስታ ኖሯል።

"ቶላ።"

ሦስቱም ብድግ አሉ። "ሲስተር፣ ይቀመጡ" አለ ቶላ፣ ለራሱ የተነጠፈውን ጆንያ እያራገፈ።

"ከዚህ እንክብል ስንቱን ውጠሃል?"

"እኔማ እንደ ጓደኞቼ ነው።"

"ጓደኞችህን ምን አሟቸው?"

"እኔን ጥርሴን ነበር" አለ በግራ የተቀመጠው ጠሀ። "አሁን ግን ዝም ብሏል። ጥሩ መድኃኒት ነው።"

በቀኝ ያለው የጎጃሙ ደመቀ ነው። "እኔን ምንም አላመመኝም" አለ። "ታዲያ ወንድሜ ሲበላ ዓይን ዓይኑን ልየው?"

"ምግብ አይደለም እኮ።"

"በአፍ አይደል የሚገባው?" አለ ጠሀ።

ሲስተር ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ቶላ አንገቱን ደፋ። "ሲስተር፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል" አለ።

"አንተ ግን አካፍለህም ብቻህን ልትሞት ነው። የሚቆረጠው ያንተ እግር እንጂ የነሱ አይደለም።"

ይህን ጊዜ ደመቀ ደረቱን ፎከት ፎከት ሲያደርግ አየችው።

"ምን ሆነህ ነው የምታከው?"

"ቁንጫ ነው፣ ሲስተር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከ... እንክብሉን ከጀመርኩ ወዲህ መሰለኝ።"

ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ አየች። ደረቱ በቀያይ ሽፍታ ተሞልቷል። "ይሄ ቁንጫ አይደለም። መድኃኒቱ ጠልቶሃል። ሁለተኛ እንዳትነካው፤ አሁኑኑ ከኔ ጋር ክሊኒክ ትሄዳለህ። የትም ብትታከም ይሄ እንክብል አይስማማኝም ትላለህ። በል ንገረኝ።"

"ይሄ እንክብል አይስማማኝም" አለ ደመቀ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ከዚያ ሲስተር የነሱን ሥራ ጠየቀቻቸው። አንዱ ተሸክሞ የተነሣውን ዕቃ መንገድ ላይ ለሌላ ያሳልፋል ወይ?

"ኧረ በፍጹም" አለ ጠሀ። "ባለንብረቱ የሚያውቀው አንድ ትከሻ ነው። ከትከሻ ወደ ትከሻ የዞረ ዕቃ ሱቅ አይደርስም።"

"ይሄም ሸክም ነው። የተጫነው ቶላ ላይ ነው። ሦስት ቦታ ብትከፋፍሉት የማናችሁም ቤት አይደርስም።"

ጠሀና ደመቀ ተያዩ፤ ገብቷቸዋል። ያስቸገረው ቶላ ነው። ፋሻውን ቁልቁል እያየ "እሺ እኔው ልዋጠው" አለ። "ግን እነሱ እያዩኝ? አንድ ትሪ በልተን፣ አንድ ቤት አድረን? ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ ሲስተር።"

እሺ ብሎ እንደሚሸኛትና ዞር ስትል እንደሚያድላቸው ገባት። እግሩን ቢያጣ ይመርጣል እንጂ ይሉኝታውን አያጣም። ጥቂት አሰበችና ማዶ ወዳለችው ቆሎ ሻጭ ተሻገረች። የተጠቀለለ ቆሎ ይዛ ተመለሰችና ክሊኒክ በምትናገርበት ድምፅ "ለእናንተ የታዘዘው ይሄ ነው" አለች። "ቶላ እንክብሉን ሲውጥ እናንተ ከዚህ ትዘግናላችሁ።"

"ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" አለ ደመቀ።

"እሱ ሲውጥ ብቻ። ቀድሞ የቆረጠመ አይፈውሰውም።"

"ለጥርሴስ?" አለ ጠሀ።

"በደኅናው በኩል ቆርጥም። ነገ ደግሞ መጥተህ የታመመውን አሳየኝ።"

ሦስቱንም በየተራ አስመለሰቻቸው። ቶላ "እኔ እውጣለሁ" አለ፤ ሁለቱ "እኛ እንቆረጥማለን" አሉ። በአካባቢው ያሉት ቅመም ሻጮች ሁሉ ዞረው እስኪያዩ ድረስ ደገመቻቸው።

ሐኪሙ በቀኑ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ የጠነከረውን መድኃኒት አቆይቶ የቶላን እንክብል እንደ አዲስ አስጀመረው። ጠዋትና ቀትር ሦስቱም ክሊኒኩ ደጃፍ እየመጡ እሷ ፊት ይውጣሉ፣ ይቆረጥማሉ። ማታ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሠርታ የምትመለስበትን መንገድ ትታ በነሱ ቤት በኩል ታልፋለች። እብጠቱ ከጉልበቱ ወረደ፤ ቁስሉም ሥጋ ይሞላ ጀመር። እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን የሚጽፈው ሰው ታሪኩን የሰማው ከራሷ ነው፤ ለሳሉ ክሊኒክ ሄዶ፣ በጥያቄ ተወግቶ ሲያበቃ። አጫውታው ስትጨርስ ግን ሳቋ ቀነሰ። ለክትባት ዘመቻ ወደ ክፍለ ሀገር ታዝዛለች፤ ነገ ትነሣለች። የቶላ መድኃኒት ገና አላለቀም። እሱ ደግሞ እግሬ አላመመኝም ብሎ ከትናንት ጀምሮ ሸክም ሲያማትር ታይቷል።

"የሚያስፈራኝ አሁን ነው" አለች። "ሕመሙ ሲተወው ሰው መድኃኒቱን ይተዋል። ቁስሉ ግን ከሥር ድኖ አልጨረሰም። ከተወው እንደገና ይነሣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይሄ እንክብል ላያሽረው ይችላል። የቀኑን የክሊኒኩ ልጆች ያዩልኛል። የማታው ነው የቸገረኝ።" ከጠረጴዛዋ ሥር ያበጠ የቆሎ ከረጢት አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች። "ጋሼ፣ ከራጉኤል ሲመለሱ በነሱ ደጅ ነው አይደል የሚያልፉት? እስኪያልቅለት ድረስ ማታ ማታ ጎራ እያሉ አብረዋቸው ይቆርጥሙልኝ። እሱ ሳይውጥ ግን አንዲት እንዳይቀምሱ።"

መልሱን ሳትጠብቅ እንደ ልማዷ ጠየቀችው።

"ጥርስዎ እንዴት ነው?"