ባዶው ከረጢት

ሳላኒየታ የደሴቶች አገር ዋና ከተማ በሆነችው ሱቫ፣ ፖስታ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ስትለይ ኖራ ጡረታ ወጣች። ባል አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም። ጎረቤቷ ሜሬሴይኒ ታዲያ በአጥሩ በኩል ብቅ እያለች፣ «ይህን የሚያክል ቤት ባዶውን ተገትሮ! አንድ ያጠፋሽው ነገር ቢኖር ነው» ትላታለች።

ቤት መዋሉ ሲሰለቻት የእህቷ ልጅ ሊቲያ በኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ አስጀመረቻት። የዚያ ቅዳሜ ጥያቄ ቀላል ነበር፤ የቁጥሮች ዝርዝር ይሰጣል፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ በቅደም ተከተል መደርደራቸውን ፕሮግራሙ ይፈትሻል። ፕሮግራሙ ከሚፈተንባቸው አሥር ሙከራዎች ዘጠኙን አለፈች። አሥረኛው ግን ባዶ ዝርዝር ነበርና ወደቀች። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ «ልክ አይደለም» ብሎ እንዲመልስ አድርጋ ጽፋው ነበር።

«ምንም የሌለበት ነገር እንዴት ልክ ይሆናል? ይሄ ማሽን አብዷል!» አለች የካሳቫውን ሳህን ገፋ አድርጋ።

ሊቲያ ሳቀች። «አክስቴ፣ ከደሴቶቹ ባዶ የደብዳቤ ከረጢት ሲመጣ ምን ብለሽ ትፈርሚ ነበር?»

«ገልብጬ፣ አራግፌ፣ ‹ስህተት አልተገኘም› ነዋ!»

«እኮ! ልክ አይደለም ለማለት ቦታውን የሳተ አንድ ቁጥር ማሳየት አለብሽ።»

ሳላኒየታ መልሱን «ልክ ነው» ብላ አረመች። አሥረኛውም አለፈ።

ይሄኔ ሜሬሴይኒ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። «እንግዳሽ ስትሄድ እኮ ያው ባዶ ቤት ነው የሚቀርሽ!»

ሳላኒየታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ነይ ግቢና ገልብጠሽ አራግፊው! አንድ ጥፋት ካገኘሽ እፈርምልሻለሁ!»