ከቆጠራው የተዘለለው አባት

ዘር ቆጠራ በጀመርኩበት ዕለት አንዱን ሰውዬ ሦስት አድርጌ ቆጠርኩት። አክስቴ እትዬ ፋናዬ በኮልፌ የታወቀች ዘር ቆጣሪ ነበረች፤ ሊጋቡ ያሰቡ ሰዎች ዘመድ እንዳይሆኑ ሰባት ቤት ወደ ላይ ትቆጥራለች። የዚያን ቀን ፈትል አስያዘችኝና ስም በሰማሽ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ቋጥሪ አለችኝ። ቋጠርኩ። ለካ የክርስትና ስሙ፣ የዓለም ስሙና የፈረስ ስሙ ሁሉም የአንድ ሰው ነው።

"አንቺ፣ ሰውዬው ስንቴ ነው የሞተው?" አለችኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ።

ሥራውን የተማርኩት ከእሷ ነው። የአባትን ወገንና የእናትን ወገን ለየብቻ መጠየቅ። ወንዶቹን ማን መሬት እንዳወረሳቸው፣ ሴቶቹን ማን ማንን እንዳሳደገ መጠየቅ። ዳዊት ካለ ኅዳጉ ላይ የተጻፈውን የልደት ቃል ማንበብ፣ ግን ቶሎ አለማመን፤ ደብተራው የሚጽፈው የነገሩትን ነው። እኔ ፊደል ቆጥሬ ያቆምኩ ነኝ፤ ስም ለማንበብ ግን አላንስም።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ሥራው ተበላሸ። ወንድሙ ዱር የገባበት ሰው የአባቱን ስም ይደብቃል፤ ሌላው አያቱን አባቴ ነው ብሎ ያስመዘግባል። የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ የባንዳ ሥራ መሰለ። እኔም በሹክሹክታ መጠየቅ ጀመርኩ።

በዚያው መሃል የእኔው ልጅ አስካለ ለትዳር ተጠየቀች። አባቷ ከማይጨው አልተመለሰም። እንጨት ለቀማ ስትወጣ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ እየተከተለ ያስቸግራታል። ቶሎ ካልዳርኳት ይወስዱብኛል እያልኩ እህል አልወርድ አለኝ። የጠየቃት ደምሴ የሚባል አናጢ ነው፤ እጁ ሥራ የሚያውቅ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ።

እናቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ አባቱ ወልዴ ነው አሉኝ። ዳዊታቸውም ወልዴ ይላል። ወደ ላይ ስቆጥር ከእኛ ጋር አንድ ሰው ላይ ተገናኘን። በእኛ በኩል ሰባት ቤት ሞላ፤ በእነሱ በኩል ስድስት፤ ለሽማግሌዎቹም ይህንኑ ነገርኳቸው። በሁለቱም ወገን ሰባት ካልሞላ ጋብቻ የለም።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ደምሴ የተወለደው በኅዳር በሽታ ዓመት ነው። አሮጊቷን ጎረቤታቸውን አደ ጫልቱን "ወልዴን ያውቁታል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ወልዴንማ ባቡር አዲስ አበባ ሳይገባ ነው የቀበርነው።"

"ባቡሩ የገባው ከበሽታው በፊት አይደለም እንዴ?"

"ነዋ! ታዲያ የሞተ ሰው ይወልዳል? እናንተ ቆጣሪዎች ጉድ ናችሁ!"

ወልዴ አባት ሊሆን አይችልም፤ አያቱን አባት ብለው ነግረውኛል ማለት ነው። አባትየውስ? ወደ ወይዘሮ ጥሩነሽ ተመለስኩ። በሩን ዘጉ። ከዚያ፣ "ዘነበወርቅ ሂጂ። ተክሌን ጥሩልኝ በያቸው" አሉኝ።

ክው አልኩ። ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ነው። በዘር ይወርዳል ስለሚባል ከእንዲህ ያለ ቤት የሚጋባ የለም።

ሄድኩ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ከአጥሩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ተክሌ ወጣ፤ ቁመናው የደምሴ ነው። አያት ቅድመ አያቱን ሳይደናቀፍ ቆጠረልኝ። ሲጨርስ፣ "እኔን ዝለዪኝ፤ እናቱም ዘልላኛለች" አለ።

"ጌታዬ፣ እርስዎን ከዘለልኩ ስድስት ነው። አይጋቡም።"

አየኝና ሳቀ። "እንግዲያው ጠቀምኩ በይኛ!"

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን አላየሁትም። ሰባተኛውን ብናገር ይጋባሉ፤ የልጄን ልጆች ለበሽታው የምሰጥ መሰለኝ፤ ዝም ብል አስካሪው አለ።

ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡ ቀን በደምሴ በኩል ሰባት ነው አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ ከት ብለው ሳቁ።

"ባለፈው ስድስት አላልሽም? ልጅሽን ለመዳር ብለሽ አንድ ሰው ወለድሽ?"

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አሉ።

"እሷ አልወለደችውም። ተክሌ ይባላል፤ ባሌ ነው። ዘነበወርቅ አለ፣ በሕይወት አለ።"

ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። የቀሩት ወደ እኔ ዞሩ። "የልጅቱ እናት፣ ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?"

አስካለን አየኋት። እሷ ደምሴን ታያለች።

"ሰባት ሞልቷል" አልኩ።

ተጋቡ። አሁን የልጅ ልጅ አለኝ። ባጠብኩት ቁጥር ጣቶቹን አንድ በአንድ አያለሁ፤ ደህና ናቸው፤ ነገም አያለሁ።

ከእኔ በኋላ ለምትቆጥሩ፦ አንድ ቤት ሲጎድል ተረስቶ ነው ብላችሁ አትለፉ። በማን እንደታፈረ ጠይቁ። ሰውዬው በሕይወት ካለ ሄዳችሁ ራሱን ጠይቁት።