እትዬ ዘነበች ያልወሰዱት ክኒን

በሕክምና አስተርጓሚነት የተቀጠርኩት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሥልጠናው ላይ ከታካሚ አጠገብ እንዴት እንደሚቀመጡ ተምረን ነበር። ወረርሽኙ መጣና የመጀመሪያ ቀኔን ጋሃና ከተማ ባለው አፓርታማዬ፣ ሄድሴት ጆሮዬ ላይ አድርጌ በስልክ ጀመርኩ።

ሕጉ አጭር ነው፦ አትጨምር፣ አትቀንስ። ታካሚዋ «አመመኝ» ካለች አስተርጓሚውም «አመመኝ» ይላል።

የዚያን ቀን ሦስተኛዋ ታካሚ እትዬ ዘነበች ነበሩ። ጎረቤት ከተማ ሬይኖልድስበርግ ይኖራሉ፤ ዌርሃውስ፣ ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያሽጋሉ። እግራቸው ያብጣል፣ የደም ግፊታቸውም አልወርድ ብሏል።

«መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» አለ ዶክተሩ።

«እወስዳለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ታዲያ ለምን አይሻልዎትም? ይጾማሉ እንዴ?»

«እጾማለሁ።»

ዶክተሩ አጠገቡ ላለችው ነርስ «ባህላቸው ነው፣ ትእዛዝ አይከተሉም፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊው» ሲላት ሰማሁ። እኔም በልቤ ጾሙ ነው ብዬ ነበር።

በዓመቱ አንዲት የሕክምና አንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ክሊኒኩ ውስጥ ጥናት ጀመረች። የምታጠናው ሕመም ከሰው ኑሮ ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። እትዬ ዘነበች ጋ ስንደውል ስለ መድኃኒት ምንም አልጠየቀቻቸውም። «የሥራ ቀንዎ እንዴት ይውላል? ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ» ብቻ አለች።

ብዙ አወሩ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ቶሎ ቶሎ ሽንት የሚያመጣው ክኒን አለ አይደል? በሥራ ቀን አልወስደውም። ሽንት ቤቱ ሌላኛው ጫፍ ነው ያለው። በየሰዓቱ ከማሸጊያ መስመሩ ብነሳ ሱፐርቫይዘሩ ራይት አፕ ያደርገኛል፣ በጽሑፍ ያስጠነቅቀኛል፤ ሲደጋገም ያባርሩኛል። ይኼን ለወንድ ሐኪም፣ በወንድ አስተርጓሚ፣ በምን አፌ ልናገር? አንተን መውቀሴ አይደለም፣ ልጄ።»

ሁሉንም እንዳለ ተረጎምኩ፣ «ልጄ» የሚለውንም።

ተመራማሪዋ በእሳቸው ፈቃድ ለዶክተሩ ነገረችው። እሱም ክኒኑን ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ሲወጡ እንዲወስዱት አደረገ፤ ለመሥሪያ ቤታቸውም ሽንት ቤት መሄድ እንዲፈቅዱላቸው ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው መልስ አላገኘም። እብጠቱ ግን ጎደለ።

እትዬ ዘነበች ብዙም ሳይቆዩ ልጃቸው ወዳለችበት ስቴት ሊሄዱ ሆነ። በመጨረሻው ቀጠሯቸው፣ «መልክህን ሳላየው ልሄድ ነው» አሉኝ። ሕጉ «አትጨምር» ነው። ለዶክተሩ በእንግሊዝኛ እንዳለ ተረጎምኩለት።

በ2022 ክሊኒክ ገብተን እንድንሠራ ተፈቀደ። ማስክ ያደረጉ እናቶች አጠገብ ስቀመጥ፣ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ የእትዬ ዘነበችን ድምፅ እጠብቃለሁ። መልኩን የማላውቀው ሰው እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ሰው መድኃኒቱን ለምን እንደማይወስድ ለማወቅ ውሎውን መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔና ዶክተሩ ዓመት ሙሉ አልጠየቅንም።